ንጹሑ ይቅደም

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

የድሮው ደብተር አለቀ። ትምህርቴ ግን አላለቀም። አለቃ በኮሪደሩ ሲያልፉ «እስከ ታኅሣሥ ትጨርሻለሽ» አሉኝ። ጥያቄም ትእዛዝም አይደለም፤ ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነው የሚናገሩት። እኔም «እሺ» አልኩ። ምን ልበል? የሳቸው ላብራቶሪ ውስጥ «እሺ» የማይል ሰው በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል።

የቀረኝ አንድ ሙከራ ነው። ጽሑፋችንን የገመገሙት ሰዎች አንድ ጥያቄ ልከዋል። ጎበዙ አነበበውና ሳቀ፤ «ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ላንቺ ነው» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተወው። ጎበዙ የላብራቶሪው አውራ ነው። ግኝቱ የሱ ነው፣ «ጎበዙ» የሚለውን ስም ያወጣንለት ደግሞ እኛ ነን። እኔን «እጀ ወርቅ» ያለኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄን ክሬም እቀባለሁ፤ ጓንት ስለሚያደርቀኝ ነው።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

እትዬ ዛሬ ሥራሽን አስረጂኝ ብላ ያዘችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኞቿ ወሬ ይወዳሉ።

«እህትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ፣ ውኃ ከቱቦ ወደ ቱቦ ትገለብጣለች ማለት ሰለቸኝ» አለች።

«ያ በወፍራም ካርቶን የሠራሽው ንድፍ አለ አይደል? መሳቢያ ውስጥ የምትቆልፊበት?»

«አለ።»

«ዲኤንኤ ማለት እሱ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ መሳቢያውን እንዳለ ይዞታል፤ የኮቱንም፣ የቀሚሱንም፣ የሱሪውንም። ግን ሁሉንም አይሰፋም። ኮት ሲያስፈልገው ካርቶኑን አያወጣም፤ በስስ ወረቀት ይገለብጠዋል። ስስ ወረቀቱ መልእክተኛው አርኤንኤ ነው። ወደ ሰፊዎቹ ይሄዳል፣ ኮቱ ይሰፋል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል።»

«ወረቀቱስ ለምን ይቀደዳል?»

«ካልተቀደደማ ኮት ሲሰፋ ሊኖር ነው! ሕዋሱ የሚበቃውን ያህል የሚሠራው በመገልበጥም በመቅደድም ነው።»

«እሺ፣ አንቺስ ከዚህ ሁሉ የቱ ነው ሥራሽ?»

«ስስ ወረቀቶቹን እቆጥራለሁ።»

ትንሽ አሰበች። «የሚቀደድ ወረቀት ስትቆጥሪ ነው እንዴ እንዲህ ያረጀሽው!»

ሁለታችንም ሳቅን። ባሏ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ይቺ ልጅ ብቻዋን አትሆንም፣ እስክትጨርስ ልጠብቃት ብላ ነው እዚህ የቀረችው። የምጨርሰው ታኅሣሥ ነው ስላት በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል አውጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ሕዋሶቹን ሳህኖች ላይ ዘራሁ። ጀርባዬ ተሰነጠቀ። ጎበዙ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ነገሩን ለራሴም በቅጡ ልጻፈው፤ ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነው።

የጉበት ሕዋስ ውስጥ አንድ ጂን አለ። እኛ ዘበኛው እንለዋለን፤ ደህና ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ሕዋሱ ሲጨነቅ ይነሳል። ተነሳ ማለት ይገለበጣል፣ ቅጂው ይበዛል ማለት ነው። ጎበዙ አንድ መድኃኒት ሕዋሶቹ ላይ ሲጨምር ዘበኛው ብድግ አለ። መድኃኒቱ ጉበትን ሊጠብቅ ይችላል ተባለ፤ ከውጭ አጋሮች መጡ፣ አለቃ አዲስ ማሽን ገዙ። የእኔም የዶክትሬት ጥናት እንዳለ የቆመው እዚሁ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ የጠየቁት፣ ቅጂው የበዛው ብዙ ስለተገለበጠ ነው ወይስ የተገለበጠው ስላልተቀደደ ነው? መልካም ጥያቄ ነው። መገልበጡን የሚያስቆም መርዝ ጨምሬ፣ የቀረው ቅጂ በምን ፍጥነት እንደሚያልቅ አያለሁ።

የቤቱ ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፤ ንጹሑ ይቅደም። ሳህኖቹን ከማሞቂያ ሳጥኑ አውጥተን፣ መድኃኒት ያልነካቸውን መጀመሪያ እናፈርሳለን፣ ማለት ሕዋሶቹን ሰብረን አርኤንኤውን እናወጣለን፤ የነካቸውን ኋላ። አንዲት ጠብታ ወደ ንጹሑ ብትሻገር የወር ልፋት ገደል ነው የሚገባው። ሕጉን ያወጡት አለቃ ናቸው። ለጎበዙ አስተማሩት፣ ጎበዙ ለእኔ። የመጀመሪያ ቀን እጄን ይዞ ነው ያሳየኝ። የጠብታ መምጠጫውን፣ የፒፔቱን አያያዝ ማለቴ ነው።

ሌላም ሕግ አለ፤ ቱቦ ተከፍቶ ሳለ አይወራም። ትንፋሻችንም ላባችንም ውስጥ አርኤንኤን የሚቆራርጥ ነገር ሞልቷል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንነጋገርም። እኔ አይከብደኝም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ተሳሳትኩ! ሳህኖቹን አውጥቼ ልጀምር ስል አለቃ ከኋላዬ መጥተው «ታኅሣሥን አትርሺ» አሉኝ። ደነገጥኩ። የተነካውን አስቀድሜ አፈረስኩት። ንጹሑ ኋላ ቀረ። ለማንም አልተናገርኩም። ልደፋው ነበር፣ አሳዘነኝ። ነገ ለክቼው እደፋዋለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

መድኃኒት የነካው ውስጥ ዘበኛው ጸጥ ብሏል። ንጹሑ ውስጥ ይጮኻል።

የቱቦዎቹን መለያ ደጋግሜ አየሁ። አልተምታታብኝም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ሰው በሌለበት ገባሁና ያለ ምንም መድኃኒት ሠራሁት። ጠብታ እንኳ አልነካቸውም። አንዱን ሳህን ከማሞቂያው እንደወጣ አፈረስኩት። ሌላውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ተራው እስኪደርስ እንደምናስጠብቀው አስጠበቅኩት። የጠበቀው ዘበኛውን አስነስቷል።

በርዶት ነው። ክፍሉ ለማሽኖቹ ሲባል ይቀዘቅዛል። ከሞቀ ቤት አውጥተን ብርድ ላይ አስቀመጥነው፣ ደነገጠ፣ ዘበኛውን ጠራ። ሁልጊዜ ኋላ የሚፈርሰው መድኃኒት የነካው ስለሆነ፣ ሁልጊዜ የሚበርደው እሱ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የለካነው መድኃኒቱን አይደለም፣ ወረፋውን ነው። ያውም የተሳሳትነው በጥንቃቄያችን ነው። ዝርክርክ ላብራቶሪ ቢሆን ኖሮ አንዱን ቀን እንዲህ፣ አንዱን ቀን እንዲያ ሲሠሩ ገና ድሮ ይነቁበት ነበር።

ጥናቴ ውስጥ በዚህ ላይ ያልቆመ ምዕራፍ የለም።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ለእትዬ ነገርኳት። የሳይንሱን ሳይሆን፣ ሁሉም ነገር ስህተት መሆኑን።

«ለአለቃሽ ንገሪያ» አለች ጨርቅ እየቆረጠች።

«ግኝቱ የጎበዙ ነው። ሰው ፊት ከሚሰማው መጀመሪያ ብነግረው ይሻላል።»

መቀሱ ቆመ። «ለምን?»

«ሙያዊ ጨዋነት ነው።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው እህቴ። መጀመሪያ ለማን እንደምትነግሪ ደህና አድርገሽ አስቢበት።»

አስቤበታለሁ። ጨዋነት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እትዬ ሰው ሁሉ የልብሷን ዋጋ ሊያስቀንሳት የመጣ ይመስላታል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ፣ ማንም እንዳይሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ። መጀመሪያ ያለው «ለሌላ ሰው ነግረሻል?» ነው። ጠንቃቃ ነው፤ ወሬ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። አልነገርኩም አልኩት። እትዬን አልቆጠርኳትም።

ከዚያ ስንቀጠቀጥ አይቶ ነጭ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። «እኔና አንቺ እንፈታዋለን» አለ። «የውጭ አጋሮቹ ለጉብኝት ከመምጣታቸው በፊት አብረን ለአለቃ እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ግን ሙከራው ይደገም፣ እርግጠኛ እንሁን።»

ልክ ነው። እርግጠኛ መሆን አለብን። ምሳ አብረን በላን። ብዙ አላወራንም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ደገምኩት። ያው ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

በዚህ ሳምንት በየቀኑ አብረን ምሳ በላን። ስለ ሥራዬ ብዙ ይጠይቀኛል። አንድ ሳህን ለማፍረስ ምን ያህል ትቆያለሽ አለኝ። ካንተ እዘገያለሁ አልኩት፣ አረፋ እንዳይገባብኝ ስለምጠነቀቅ። «አንቺ እኮ ሳህኑንም ታባብይዋለሽ» ብሎ ሳቀ። እንዲህ የሚያስተውለኝ አልመሰለኝም ነበር። ጎንበስ ብሎ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ማጣሪያ ወረቀት ልወስድ በአለቃ በር ሳልፍ ድምፁን ሰማሁ። «… የእጅ ነገር ነው እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም» ሲል። ስለ ሌላ ሙከራ መሆን አለበት። አለቃ ምን እንደመለሱ አልሰማሁም። በር ላይ ቆሞ የሰው ወሬ ማዳመጥ አልወድም፣ ሄድኩ።

ኅዳር 15፣ እሁድ

እትዬ «ለአለቃሽ ነገራችኋቸው?» አለች። ገና ነው፣ አብረን እንነግራቸዋለን አልኩ።

«አብረን የሚል ሰው ቀን ይቆርጣል።»

«አታውቂውም።»

«አላውቀውም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ጸጉርሽን መቼ ነው እንዲህ መተኮስ የጀመርሽው?»

ነገረኛ ናት። ባሏ ናፍቋት ነው፣ ንዴቷን እኔ ላይ ትወጣለች።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

የሳምንቱ ስብሰባ ነበር። በየተራው ልጻፈው።

ጎበዙ ብቻውን ቆመ። ከጎኑ ያለውን ወንበር ትቶልኝ ነበር፤ አብረን የምንቆም መስሎኝ ደብተሬን ይዤ ተነሳሁ፣ በዓይኑ ተቀመጪ አለኝ። «ከተወሰነ ጊዜ ጀምሮ ጥርጣሬ ነበረኝ» ብሎ ጀመረ። የእኔን ሥዕላዊ መግለጫዎች አሳየ። ጥሩ አድርጎ አስረዳ፤ ብርዱን፣ ወረፋውን፣ ዘበኛውን። እኔ ራሴ እንዲህ አላስረዳውም ነበር። ሞኝ ነኝና ገና እየኮራሁ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለ። «የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ስሠራ ፈጣን ስለነበርኩ ሳህኖቹ አልበረዱም። ያ ውጤት ደህና ነው። ችግሩ የመጣው ሥራው ወደ ሌላ እጅ ከተሻገረ ወዲህ ነው።» አንድ ሳህን ለማፍረስ ምን ያህል እንደምቆይ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። «እጀ ወርቅ አልነበር እንዴ የምትሏት?» ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ተራ ሳቅ ነው፣ እሱ ነው የሚብሰው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አየሁት። ማያ ገጹን ያያል። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቆሟል።

«ልየው» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት በኋላ ከአፌ የወጣችው ቃል እሷ ናት፤ «ልየው»።

የሱም ሳህኖች በርደዋል። አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስንት ጊዜ ስልክ ሊያነሳ ወጥቶ እስኪመለስ እኔ አይደለሁም እንዴ ክዳናቸውን የጠበቅኩለት!

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። እትዬ ደንበኞቿን መልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ስድብ የምታውቀውን ሁሉ አወረደችበት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» ስትል ድምፅዋ ታች ቤት ሳይሰማ አልቀረም። እኔ «ተጨንቆ ነው» ስል ሰማሁ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም።

«ሰኞ ለአለቃሽ ትነግሪያለሽ» አለች። «ካልነገርሽ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ መቀሴን ይዤ።»

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ገባሁ። ቁጭ በይ አላሉኝም፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ማን እንዳገኘው፣ መቼ፣ እንዴት። የሱም ሳህኖች እንደበረዱ፣ መድኃኒቱ ምንም እንደማያደርግ፣ የአንድ ቀን ሙከራ እንደሚያረጋግጠው። መነጽራቸውን እየጠረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሕጉ የኔ ነው። ለሱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ላንቺ ያስተማረሽ እሱ ነው። ማን ፈጣን፣ ማን ቀርፋፋ እንደሆነ አይጠፋኝም፤ የሰው እጅ ሳይ ነው ያረጀሁት።» መነጽሩን አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ያንቺን ስህተት ይሄ ቤት ይችለዋል። ተማሪ ነሽ፣ ተማሪ ይሳሳታል። የሱን ግን አይችለውም። የኔንማ ተዪው።»

«እኔስ?»

«ሌላ ርእስ እሰጥሻለሁ። ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው፣ ግፋ ቢል ሦስት። አጋሮቹ ሲመጡ ስህተቱ ያንቺ እጅ መሆኑን ቆመሽ በአጭሩ ታስረጃለሽ። ሳትንቀጠቀጪ።»

«ባላስረዳስ?»

«ሌላ ላብራቶሪ ትፈልጊያለሻ። ግን ወሬሽ ቀድሞሽ ይደርሳል።»

ይሄን ሁሉ ሲሉ አልተቆጡም። «ልጄ» ያሉኝ ዛሬ ገና ነው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ዳውላዋ እኔ ነኝ።

ለእትዬ «እያሰቡበት ነው» አልኳት። ስለ ሁለቱ ዓመት አልነገርኳትም። ሻንጣ ማየት ጀምራለች፤ ባሏ ሰፊ ቤት አግኝቷል፣ መስኮቱ ብዙ ብርሃን ያስገባል ብሏታል። ለመስፋት ጥሩ ነው።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ቆርጫለሁ። እንግዶቹ ፊት እውነቱን እናገራለሁ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ስሙን እጠራለሁ። አለቃንም እጠራለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የያዝኩትን አልለቅም። ያባርሩኝ! ምን ቀረኝ?

ካፖርቱ እስካሁን እኔ ጋ ነው። አጥቤዋለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ተናገርኩ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እንደነበረ ልጻፈው፣ ሳላሳምር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ፊት ለፊት፣ አለቃ ከነሱ ጋር፣ ጎበዙ ጥግ ላይ። ቆምኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል ስሙ ነው። ከዚያ አየሁት። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ጎብጧል። ከንፈሩ ደርቋል። እንደምናገር ያውቃል። ወለሉን እንጂ እኔን አያይም፤ ልብሱ ላይ ሽንቱን እንደለቀቀ ሕፃን ሆኗል። አንጀቴን በላኝ።

«ሳህኖቹ የዘገዩት በእኔ እጅ ነው» አልኩ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ቀጠን ያለች ረጋ ያለች ሴት፣ እጇን አነሳች። «የመጀመሪያዎቹን፣ የእሱን ሙከራዎች፣ አንቺ ራስሽ አይተሻቸዋል? ደህና ናቸው?» አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ ማለት ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ አለቃ እንኳ ይሄን በይ አላሉኝም።

«አይቻቸዋለሁ። ደህና ናቸው» አልኩ።

አሁን ያ መድኃኒት ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳል። እንስሳ ላይ ይሞከራል፣ ምናልባትም አንድ ቀን ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ። አያድነውም። እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ያውቃል፣ አለቃ ያውቃሉ።

ታኅሣሥ 6፣ እሁድ

ለእትዬ ነገርኳት።

«ሁለት ዓመት?»

«ምናልባት ሦስት።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የጀመረችውን ቀሚስ ጨርሳ፣ ተኩሳ፣ ለደንበኛዋ አስረከበች። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ትሸፍን ጀመር።

«እኔ የጠበቅኩት አንቺን ነው» አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ። «እሱን ደግሞ አልጠብቅም።»

«ስለሱ አይደለም እኮ …»

«አትዋሺኝ። እዚያ ዋሽተሽ መጥተሻል፣ ይበቃሻል።»

ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ሻንጣዋን አብሬያት አሰርኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልተነጋገርንም። ተኛች፤ እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ይሄን እጽፋለሁ።

እንድጽፈው የሚያስገድደኝ ውሸቱ አይደለም። ውሸትማ ሰው ሁሉ ይዋሻል። ያን ሁለተኛውን መልስ ሰጥቼ ስቀመጥ ጎበዙ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። አየኝና ቀስ ብሎ ተነፈሰ፤ ከዚያ ወዲያው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መሳቅ ጀመረ፣ ተመልሶም አላየኝም። እኔ ግን ትምህርቴን አጥቼ፣ ስሜን አጥቼ፣ እህቴን ልሸኝ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰውነቴ ሁሉ ሞቀኝ። እሱ ስለዳነ ደስ ብሎኝ ነበር።